ሲሮጡ የታጠቁት

ጅማ ከምኖርበት ቤት ፊት ለፊት ያለው ጎረቤቴ ጠዋት ጠዋት የቆርቆሮ በሩን ገፍቶ ሲከፍት፣ በሩ ከአጥሩ ጋር ተላትሞ «ጓ!» ይላል፤ እኔም የሻይ ብርጭቆዬን እንደያዝኩ ክው ብዬ ቆሜ፣ ለአፍታ ያህል ሥራዬንም ልጄንም ረስቼ፣ ሚዛን ተፈሪ በነበረው የልጅነት ቤታችን «እማዬ መጣች!» ለማለት አፌን እከፍታለሁ። እናቴ በር በእጇ ከፍታ አታውቅም ነበር። በትከሻዋ ገፍታ፣ እጆቿ ዕቃ ይዘው ከሆነም በጉልበቷ መትታ ትገባና፣ ግቢውን ገና ሳታጋምስ ወሬዋ ቀድሟት ቤት ይደርስ ነበር። ስትወጣም እንደዚያው ነው፤ ነጠላዋን መንገድ ላይ ትለብሳለች፣ ጫማዋን በአንድ እግሯ እየዘለለች ታጠልቃለች፣ የረሳችውን ልትወስድ ትመለሳለች፣ በተመለሰች ቁጥርም በሩ «ጓ!» ይላል።

እንዲህ ያለውን ሰው የሚጠሩበት ቃል በሠፈራችን ሞልቶ ነበር። ገበያ ውስጥ አብረዋት ልባሽ ጨርቅ የሚሸጡት ሴቶች «ችኩሏ ብዙነሽ» ይሏት ነበር፤ ታላቅ ወንድሟ ሲናደድባት «ደንባራ በቅሎ» ይላታል፤ የሒሳብ መምህር የነበረው አባቴ ደግሞ ድምፁን ከፍ ሳያደርግ፣ ከመጽሐፍ ያገኘውን ቃል መርጦ፣ «ግብታዊ ነሽ እኮ ብዙዬ» ይላት ነበር። ትርጉሙን ስጠይቀው ትንሽ አሰብ አድርጎ፣ «መጀመሪያ ዘሎ፣ ከታች ያለው ወንዝ ይሁን ገደል አየር ላይ ሳለ የሚያይ ሰው ማለት ነው» አለኝ። እሷ ራሷ ግን «ልቤ ነገረኝ» ከማለት ሌላ ቃል አልነበራትም። ልቧ የነገራትን ደግሞ ለእግሯ እንጂ ለጭንቅላቷ አታወራም ነበር።

የአባቴ ቃል «እስኪ ይታሰብበት» ነበር። አንድ በጋ ሙሉ ሽንት ቤት የት እንደሚቆፈር ሲያስብ፣ ገመድ ይዞ ግቢውን ሲለካ፣ ቆሞ ሲያይ፣ ተመልሶ ሲለካ ከረመ። አንድ ቀን ከትምህርት ቤት ሲመለስ እናቴ ቀን ሠራተኞች ጠርታ ከአቮካዶው ሥር አስቆፍራ ጠበቀችው። ቦታው ዝቅ ያለ ስለነበረ የመጀመሪያው ዝናብ ሲመጣ ጉድጓዱን ጎርፍ ሞላው። አባቴ ጎርፉን ቆሞ እያየ፣ «የቸኮለች አፍሳ ለቀመች» አለ።

«ያልቸኮለችማ እስካሁን ጫካ ትሄዳለች!» አለችው እናቴ፣ አካፋውን ለማንሳት እየሮጠች።

ታናሽ ወንድሜ ታምራት ስሙን ያገኘውም እንዲሁ ነው። አባቴ ለልጁ ስም ሲያወጣና ሲያወርድ ወራት ፈጅቶ ሳይጨርስ ምጥ መጣ፤ እናቴም ሆስፒታል አልጋ ላይ ሆና «የልጁ ስም?» ስትባል ያደረሳትን የባጃጅ ሹፌር ስም ተናግራ አረፈችው።

ታደለች የመጣችው በክረምት ነው። ሚዛን ዝናብ ብርቅ አይደለም፤ የዚያ ዓመቱ ክረምት ግን ጧት ጀምሮ ማታም ሳይጨርስ የሚያድር ዓይነት ነበርና፣ እኛ ልጆች ቤት ውስጥ ታፍነን፣ እርስ በርስ እየተነካከስን፣ የጣሪያውን ጩኸት እየሰማን እንውል ነበር። እናቴ ከጅማ የተላከላትን የልባሽ ቦንዳ ልትቀበል መናኸሪያ ሄደች። ተመልሳ በሩን ስትመታው፣ ከኋላዋ ቦንዳውን የተሸከመ ወዛደር፣ ከወዛደሩ ኋላ ደግሞ አንድ ፌስታል በደረቷ አቅፋ ውሃ የሚንጠባጠብባት፣ ከእኔ ትንሽ ከፍ የምትል ልጅ ነበረች።

አባቴ የተማሪ ደብተር እያረመ ነበር። ቀና ብሎ አያት።

«ማን ናት?» አለ።

«ታደለች ናት» አለች እናቴ፣ ፎጣ ፍለጋ እየተሯሯጠች።

«የማን ልጅ ናት?»

«እሱን ገና አልጠየቅኋትም!»

ኋላ ላይ ቀስ በቀስ እንደሰማነው፣ ታደለች ከቴፒ ወዲያ ካለ ገጠር የመጣች የሸኮ ልጅ ነበረች። ሚዛን የምትኖር አክስቷ ተቀብላ ትምህርት ቤት ልታስገባት ተቀጣጥረው፣ አክስቲቱ ግን ሳትመጣ ቀርታ፣ ልጅቷ ከጠዋት ጀምሮ በመናኸሪያው ጥግ ዝናብ ሲወርድባት እናቴ አየቻት። ማየት ብቻ በቂ ነበር።

«ብዙዬ፣ ልጅ እኮ ዕቃ አይደለም፤ ወላጅ አለ፣ ሕግ አለ። እስኪ ይታሰብበት» አለ አባቴ።

«አንተ አስብበት። እሷ ግን እስኪታሰብበት ትተኛ» አለችና አልጋዬ ላይ አስተኛቻት። አባቴ ወደ ደብተሮቹ ተመልሶ፣ ለማንም ሳይሆን፣ «ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል» ሲል ሰማሁት። አባባሉን ያኔ አልወደድኩትም፤ አልጋዬን ያጣሁት እኔ ሆኜ ሳለ እንኳን አልወደድኩትም።

አባቴ ግን ያሰበበትን ነገር አይተውም ነበር። አክስቲቱን አፈላልጎ ወደ ቦንጋ መሄዷን አረጋገጠ፤ በቴፒ መንገደኞች በኩል ለልጅቷ ቤተሰብ መልእክት ልኮ፣ «ካስተማራችኋት እናንተው ጋ ትቆይ» የሚል መልስ አገኘ፤ መስከረም ሲጠባም እጇን ይዞ ወስዶ ከእኔ ክፍል አስመዘገባት።

ታደለች ስትጠየቅ ወዲያው የማትመልስ ልጅ ነበረች። አማርኛዋ ገና ስለነበረ ይሁን ተፈጥሮዋ፣ «እራት በላሽ?» ብትባል እንኳን ዓይኗን መሬት ላይ ጥላ፣ ጥያቄውን ወደ ውስጧ ወስዳ፣ እዚያ አገላብጣ አይታ፣ ከዚያ ነበር «በላሁ» የምትለው። አባቴ ይህን እንዴት እንደወደደው! ሒሳብ ሲጠይቃት እርሳሱን አስቀምጦ፣ እጁን አጣምሮ፣ እየፈገገ ይጠብቃት ነበር። እናቴ ግን መጠበቅ አትችልም፤ «በልታለች! በልታለች!» ብላ እሷው ትመልስላትና ሳህኑን ታነሳ ነበር። እኔ በሁለቱ መሀል ሆኜ፣ እንደ እናቴ እየተቅበጠበጥኩ፣ እንደ ታደለች ዝም ለማለት እሞክርና አልችልም ነበር።

መኸር ላይ ከቤታችን ጓሮ ያለችው ቡና ስትቀላ ሁላችንም ለቃሚ ሆንን። የተለቀመው ቡና በጓሮው በተሠራ የሽቦ አልጋ ላይ ይሰጣና ይጠበቃል፤ ሰማዩ ግን በእኛ አገር አይታመንም፣ ፀሐይዋ ገና ትከሻ እያቃጠለች ከሸኮ ተራሮች በኩል ጥቁር ደመና ተንከባሎ ይመጣል። ያኔ እናቴ ገበያም ብትሆን ዕቃዋን ለጎረቤት ነጋዴ ትታ ባጃጅ ውስጥ ዘላ ገብታ፣ «ሸራ! ሸራ!» እያለች ትደርስ ነበር። ሁላችንም የሸራውን ጫፍ ይዘን እንሮጣለን፣ ታምራት እግራችን መሀል ይገባል፣ አንዱ ይወድቃል፣ ዝናቡ ሳይመጣ ደመናው ያልፋል፣ ሸራውን እናነሳለን፣ ደመናው ይመለሳል። ታደለች ጮክ ብላ ስትስቅ ለመጀመሪያ ጊዜ የሰማኋት በዚያ ሩጫ መሀል ነው። እናቴ በሳቋ ደንግጣ ሸራውን ለቀቀችውና ሸራው አባቴን ከነመነጽሩ ሸፈነው።

ማታ ማታ አንድ አልጋ ላይ ተጣብቀን ስንተኛ፣ ታደለች በሸኮ ቋንቋ የዛፎችን ስም ትነግረኝ ነበር። እኔ ቶሎ ቶሎ እደግምና ቶሎ እረሳለሁ። እሷ አትናደድም፤ እንደገና ትነግረኛለች።

በጋ ገባ። አቧራው መንገዱን ሲያለብስ፣ የጣሪያው ጩኸት ሲቆም፣ ቤታችን ውስጥ አንድ የማይታይ ነገር መቅበጥበጥ ጀመረ። ታደለች ከትምህርት ቤት ስንመለስ «ቅደሚ፣ እመጣለሁ» ትለኝና ትዘገይ ነበር። አልጋ ላይም ትገላበጣለች። «ምነው?» ስላት መልሱ ሳይመጣ እንቅልፍ ይወስደኛል።

አንድ ቅዳሜ ጎረቤታችን እትዬ ዘነበች መጥታ፣ ጥላ ሥር ተቀምጣ ልብስ ትመርጥ ለነበረችው እናቴ፣ «ብዙዬ፣ እኔ ለሰው ክፉ አላወራም፤ ግን ይህቺ ልጅሽን መናኸሪያ በር ላይ ከአንድ ጎረምሳ ጋር ቆማ አየኋት። ዛሬ ብቻ አይደለም» አለቻት። እናቴ የያዘችው ሱሪ ከእጇ ወደቀ። እትዬ ዘነበች ወሬዋን ሳትጨርስ እናቴ ተነስታ ቆማ ነበር፤ ታደለች ከውጭ ስትገባም ግቢው መሀል ላይ ተገናኙ።

«ማነው?» አለች እናቴ።

ታደለች ቆመች። ዓይኗን መሬት ላይ ጣለች።

«እጠይቅሻለሁ እኮ! ማነው አብሮሽ የቆመው?»

ታደለች አሁንም ዝም አለች። እኔ ያቺን ዝምታ አውቃታለሁ፤ መልስ እየመጣ ነው፣ ትንሽ ብቻ፣ ትንሽ ብትጠብቃት! አፌን ልከፍት ስል የእናቴ ቃል ቀደመ።

«ዝም አልሽ? ዝምታሽ መልስ ነው! ከዝናብ አንስቼ፣ ከልጄ ጋር አስተኝቼ፣ ቤቴን የወሬ መጫወቻ አደረግሽው! ሂጂ! ውጪልኝ! ወደ መጣሽበት ሂጂ!»

የታደለች ከንፈር ሊናገር እንደተከፈተ አይቻለሁ። ከዚያ ተዘጋ። ፌስታሏን ሳትይዝ፣ ወደ ኋላ ሳትዞር፣ በሩን በእጇ ቀስ አድርጋ ከፍታ ወጣች፤ ቀስ አድርጋም ዘጋችው።

እናቴ ወደ ልብሷ ተመለሰች። ማጠፍ ጀመረች፤ ያጠፈችውን ፈታች፣ እንደገና አጠፈች። «ትመለሳለች፤ የት ትሄዳለች?» አለች። እትዬ ዘነበች ቀስ ብላ ተነስታ ሄደች። እኔ በሩን ሳይ፣ እናቴ እኔን ሳታይ፣ ፀሐዩ ከጥላው ዞሮ እላያችን ላይ ወጣ። ታደለች አልተመለሰችም።

አባቴ ከትምህርት ቤት ስብሰባ ሲመጣ ነገሩን የነገርኩት እኔ ነኝ፣ በለቅሶ፣ ቅደም ተከተሉን አዘበራርቄ። ቦርሳውን እንደተሸከመ አዳመጠኝ። እናቴን አያት። «እስኪ ይታሰብበት» እንዲል ጠበቅን፤ ሁለታችንም ጠበቅን፣ እናቴም ሳትቀር። አባቴ ግን ቦርሳውን መሬት ላይ ጥሎ ዞሮ ሮጠ። አባቴ ሲሮጥ አይቼ አላውቅም ነበር። ተከትዬው ሮጥኩ።

መናኸሪያ ስንደርስ ሸሚዙ በላብ ተጣብቆበታል። የቴፒ ሚኒባስ ረዳት የሆነ ልጅ የቀድሞ ተማሪው ነበርና፣ «መምህር፣ ታደለችን ነው? ከወንድሟ ጋር በፊተኛው መኪና ሄዱ፤ እኔ ነኝ ያሳፈርኳቸው» አለው።

«ከማን ጋር?»

«ከወንድሟ ጋር። እዚህ ሲመላለስ ነበር እኮ። ቤት እናታቸው ታማ ልጅቷን ሊወስዳት መጥቶ፣ እሷ ደግሞ ለእነ መምህር እስክነግር ጠብቀኝ እያለችው ነው የከረመው።»

አባቴ ሁለት እጁን ጭንቅላቱ ላይ አደረገ። ሚኒባሱ ገና አልሞላም። አጠገቡ ሲሚንቶ የጫነ አይሱዙ ሞተሩን አስነስቶ ወደ ቴፒ ሊወጣ ሲል፣ አባቴ ሹፌሩን በምልክት አስቁሞ፣ እኔን ከኋላ አንስቶ ጫነኝና ራሱም ወጣ። ስልኩ ቦርሳው ውስጥ ቤት ቀርቷል። ለእናቴ አልነገራትም። እኔን ይመልሰኝ ወይስ ይውሰደኝ ብሎ እንኳን አላሰበም፤ እጄ በእጁ ስለነበረ ብቻ ሄድኩ።

ያን መንገድ ዛሬም በሰውነቴ አስታውሰዋለሁ። ጫካው ከሁለቱም ወገን እየተዘጋ፣ ዝንጀሮዎች ከመንገድ እየሸሹ፣ በእያንዳንዱ ጠመዝማዛ ሲሚንቶው እየቦነነ ዓይናችን ውስጥ ይገባል። አባቴ ይቀመጣል፣ ይነሳል፣ የጋቢናውን ጣሪያ ይደበድባል፣ ሹፌሩ ምን እንደሆነ ሲጠይቀው «ምንም፣ ምንም፣ ንዳው» ይለዋል። «አባዬ፣ ባትመለስስ?» አልኩት። ተነስቶ እንደገና ጣሪያውን ደበደበ።

ቴፒ ስንደርስ ፀሐይ ጫካው ላይ ዘንበል ብላ ነበር። ከመናኸሪያው አጠገብ ባለች ሻይ ቤት ታደለች ከአንድ ቀጭን ወጣት ጋር ተቀምጣ ዳቦ በእጇ ይዛ፣ ሳትበላው፣ መንገዱን እያየች አገኘናት። እኛን ስታይ ተነስታ ቆመች፤ ወንድሟም በሲሚንቶ የነጣ ሰውዬና በሲሚንቶ የነጣች ልጅ ወደ እሱ ሲመጡ ደንግጦ አብሮ ተነሳ።

አባቴ ትንፋሹ አልመለስ ብሎት ቆመ። የተዘጋጀ ነገር አልነበረውም። «ልጄ፣ ተበድለሻል። እንሂድ፣ ቤትሽ ነው» አለ።

ታደለች መሬቱን አየች። ወንድሟ ሊናገር ሲል አባቴ እጁን በትሕትና አንስቶ «ቆይ ወንድሜ» አለው። ጠበቅናት። ባለሻይዋ ብርጭቆ አጥባ፣ ደርድራ ጨረሰች። ከዚያ ታደለች ቀና ብላ፣ «ጋሼ፣ ላስብበት» አለች።

አባቴ ፊቱን በክንዱ ሸፈነ። መጀመሪያ እየሳቀ መስሎኝ ነበር።

ያን ቀን ማታ አባቴ ከሚያውቀው የቴፒ መምህር ቤት አደርን። ጎሕ ሲቀድ ታደለችና ወንድሟ ወደ እናታቸው መንገድ ጀመሩ። «እናቴን ልይ፤ ከዚያ እናገራለሁ» ነበር የመጨረሻ ቃሏ። እነሱ ከሄዱ በኋላ መናኸሪያው ላይ ቆመን ሳለን፣ ከሚዛን የመጣው የመጀመሪያው መኪና ገና ሳይቆም፣ እናቴ ታምራትን አዝላ፣ አንድ እግሯ በራሷ ጫማ አንዱ በአባቴ ነጠላ ጫማ፣ ዘላ ወረደች። ሌሊቱን ሙሉ መናኸሪያና ፖሊስ ጣቢያ ስትመላለስ አድራ፣ ከረዳቱ ልጅ ሁሉንም ሰምታለች። «የታለች?» አለች። ስንነግራት በዚያው እግሯ ወደ ገጠሩ መንገድ ልትሮጥ ተነሳች፤ አባቴ ክንዷን ያዛት።

«ልጅቷ ላስብበት ብላለች፤ ተዪያት» አላት። እናቴ እዚያው አቧራው ላይ ቁጭ ብላ አለቀሰች።

በልግ መጣ፤ ዝናቡ ተመለሰ፤ ከታደለች ወገን ግን ወሬ የለም። እናቴ ያን ሰሞን ሌላ ሰው ልትሆን ሞከረች። በሩን በእጇ መክፈት ጀመረች። ደንበኛ ዋጋ ሲጠይቃት ቆይታ ትመልሳለች፣ ወጥ ልትሠራ ሽንኩርት ፊት ቆማ ታስባለች፣ ልትናገር ትልና ትተወዋለች። ቤታችን የታመመ ሰው ያለበት ቤት መሰለ። ታምራት እንኳን በሹክሹክታ ይጫወት ነበር። አንድ ጠዋት እንዲሁ ከቡና ማስጫው አልጋ አጠገብ ቆማ ሳለ አባቴን፣ «ልሂድ ወይስ አልሂድ? ብሄድ ምን እላታለሁ? አስቤ አስቤ አቃተኝ» አለችው።

«ብዙዬ» አላት አባቴ፣ «አታስቢበት። ሂጂ።»

ነጠላዋን መንገድ ላይ እየለበሰች ወጣች።

ከሁለት ቀን በኋላ ተመልሳ የሆነውን ስትነግረን፣ መንገዱን ሁሉ የምትለውን ስታዘጋጅ ሄዳ፣ የታደለች እናት ቤት በር ላይ ስትደርስ ሁሉም እንደጠፋባት፣ «ጥፋቱ የኔ ነው» ብላ ብቻ እንደቆመች፣ ታደለችም እንደ ልማዷ ዝም እንዳለች ነገረችን። «ምላሴን ነክሼ ጠበቅኳት» አለች እናቴ። «በሕይወቴ እንደዚያ የረዘመ ነገር አላየሁም። ከዚያ ምን ብትለኝ ጥሩ ነው? ‹እትዬ፣ ትንሽ ብትጠብቂኝ ኖሮ እነግርሽ ነበር።›»

ይህን ተናግራ ነጠላዋን አውልቃ ቀስ ብላ አጠፈችው።

ታደለች እናቷ ከተሻላት በኋላ፣ ትምህርት ሊከፈት ሲል፣ ማንም ሳያመጣት ራሷ መጣች። ይሁን እንጂ የነበረው እንደነበረ ተመለሰ ብል እዋሻለሁ። ልብሷን ከፌስታሏ ሳታወጣ ፌስታሉን አልጋ ሥር ታስቀምጥ ነበር፤ ከፌስታል አውጥታ የእኔ ሣጥን ውስጥ እስክታስገባ ድረስ ሌላ መኸር አለፈ። እናቴ ፌስታሉን በየቀኑ ስትጠርግ ታየዋለች፤ በመጥረጊያው ዙሪያውን ትዞረዋለች እንጂ አታነሳውም፣ ስለ እሱም አንድ ቃል ተናግራ አታውቅም። ችኩልነቷ ቀስ በቀስ ተመለሰ፤ ሰው ስትጠይቅ ግን፣ እኛንም ጭምር፣ ከጠየቀች በኋላ አፏን በእጇ ሸፈን አድርጋ የመጠበቅ ልማድ አብሯት ቀረ።

ዛሬ ታደለች ከቴፒ ወጣ ብላ ከባሏ ጋር ቁንዶ በርበሬና ኮረሪማ ታለማለች። ስንደዋወል ጥያቄዬን ሰምታ ዝም ስትል ኔትዎርክ የተቋረጠ እየመሰለኝ ስልኩን ከጆሮዬ አንስቼ አያለሁ። አባቴ ጡረታ ወጥቷል። እናቴ ጉልበቷን ስለሚያማት ከመቀመጫዋ እንኳን የምትነሳው አስባበት፣ ወንበሩን ተደግፋ፣ ትንፋሿን ሰብስባ ነው፤ ልቧ የነገራትን እግሯ አይሰማትም።

እኔና ባለቤቴ ነገሮችን ተመካክረን ነው የምናደርገው። ጅማ ያለውን ቤታችንን ስንሠራ የእያንዳንዱን ክፍል ጥቅም ተቀምጠን ተነጋግረንበታል፤ ለድንገተኛ እንግዳም አንድ ክፍል መተው አልረሳንም። ያኔ በሚዛኑ ቤት አምስት ሆነን በሁለት አልጋ እንተኛ ነበር፣ የአንዱ ክርን በሌላው ጎን እየገባ። የጅማው የእንግዳ ክፍል መስኮቱ ሰፊ ነው፣ ብርሃኑም ጥሩ ነው። አንሶላውን በየጊዜው አጥቤ እቀይራለሁ፤ የተኛበት ሰው ግን የለም።